ከጠርሙሱ ቀንድ አውጣ እስከ ካነሚ ዘይት፦ በተበከለ ምግብ የተጎዱ ሰዎች በሕግ ፊት

የምግብ ፋብሪካ የሚነድፍና የሚያሠራ መሐንዲስ ስለ ቧንቧ ውፍረት፣ ስለ ሙቀት መጠንና ስለ ፓምፕ ኃይል አያሌ መጻሕፍትን ሲያነብ ይኖራል። ከዚያው ፋብሪካ የወጣው ምግብ ሰውን ያሳመመ እንደሆነ ግን ሕግ ማንን፣ በምን ምክንያትና እስከ መቼ ድረስ እንደሚጠይቅ በትምህርት ቤት የተማረው፣ በሥራም ላይ ያነበበው እምብዛም ነው። ጉዳዩ የሕግ ባለሙያዎች ብቻ ተደርጎ ይታያል። ይሁን እንጂ በዚህ ረገድ የተካሄዱትን ታላላቅ ክርክሮች ታሪክ የመረመረ ሰው፣ ዳኞች ለዓመታት ሲያገላብጡት የኖሩት ነገር የብየዳ ሥራ፣ የብረት መበላትና የሙቀት መለዋወጫ ቧንቧ ሆኖ ያገኘዋል። ስለዚህ ታሪኩ የእኛም ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ የአገራችን አቆጣጠር መሆኑ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ ብዙ ጊዜ ተያይዞ የሚነገረው ከስኮትላንድ ነው። ኦገስት 26 ቀን 1928 ወይዘሮ ሜይ ዶናሂው የተባሉ የሱቅ ሠራተኛ፣ ፔይዝሊ በምትባል ከተማ ከወዳጃቸው ጋር ወደ አንድ ቡና ቤት ገቡ። ወዳጃቸው ገንዘቡን ከፍለው የዝንጅብል ቢራ አዘዙላቸው። ጠርሙሱ ውስጡን የማያሳይ ነበር። ጥቂት ከጠጡ በኋላ የቀረው ሲቀዳ የበሰበሰ ቀንድ አውጣ አብሮ ወጣ፤ እርሳቸውም ታመሙ፤ ክሱ የሚለው ይህንን ነው። በዚያን ጊዜ በነበረው ሕግ መሠረት ግን ወይዘሮ ዶናሂው የሚከሱት ሰው አልነበራቸውም። መጠጡን የገዙት ወዳጃቸው እንጂ እርሳቸው ስላልሆኑ ከቡና ቤቱ ባለቤት ጋር ውል አልነበራቸውም፤ መጠጡን ከሠራው ከዴቪድ ስቲቨንሰን ጋርማ ከናካቴው አይተዋወቁም። ውል ከሌለ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ ካሣም የለም ይባል ነበር። እንዲያውም ጠበቃቸው ከጥቂት ሳምንታት በፊት በዝንጅብል ቢራ ጠርሙስ ውስጥ አይጥ ተገኘ ተብሎ የቀረበ ተመሳሳይ ክስ ይዞ የተረታው ያው ሰው ነበር። ሰውዬው ተስፋ አለመቁረጡ የሚያስመሰግነው ነው።

ክሱ በደኃ ደንብ እስከ ሎርዶች ምክር ቤት ድረስ ደረሰ። ሜይ 26 ቀን 1932 ምክር ቤቱ በ3 ድምፅ ለ2 ለከሳሽዋ ፈረደ። ሎርድ አትኪን የጻፉት የፍርድ ሐሳብ በአጭሩ ሲገለጽ፣ አንድ አምራች ዕቃውን በመካከል ማንም ሳይመረምረው እንደ ታሸገ ለተጠቃሚው እንዲደርስ አድርጎ የሚልከው ከሆነ፣ ውል ኖረም አልኖረ ለዚያ ተጠቃሚ ጤንነት የመጠንቀቅ ግዴታ አለበት የሚል ነው። ከዚያ በኋላ ስቲቨንሰን ስለ ሞቱ ጉዳዩ በ200 ፓውንድ ስምምነት ተዘጋ። ከዚህም የተነሣ ቀንድ አውጣው በእርግጥ በጠርሙሱ ውስጥ ስለ መኖሩ ማስረጃ የሰማ ችሎት የለም፤ በዓለም ላይ እጅግ ከታወቁት ፍርዶች አንዱ የቆመው እውነትነቱ ባልተረጋገጠ ቀንድ አውጣ ላይ ነው።

ይህ ፍርድ የውልን አጥር አፈረሰ እንጂ ሌላውን ሁሉ እንደ ነበረ ተወው። ተጎጂው አሁንም የአምራቹን ቸልተኝነት ማስረዳት ነበረበት። ቀንድ አውጣ ደግሞ ለማስረዳት የሚመች ነገር ነው፤ በዐይን ይታያል፣ የታመመው ሰው አንድ ነው፣ የታመመበትም ቀን ይታወቃል። በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የመጣው መርዝ ግን የማይታይ፣ የማይሸት፣ ሺሕ ሰው የሚነካና ዓመታት ቆይቶ የሚገለጽ ሆነ። የሕጉ እውነተኛ ፈተና የተጀመረውም ያን ጊዜ ሲሆን፣ ከሁሉ ይልቅ የተፈተነው በጃፓን ነው።

በ1955 የበጋ ወራት በምዕራብ ጃፓን ጡጦ የሚጠቡ ሕፃናት ትኩሳትና ተቅማጥ እየያዛቸው፣ ቆዳቸው እየጠቆረ፣ ሆዳቸው እየተነፋ ወደ ሐኪም ቤት ይመጡ ጀመር። በኦገስት ወር የኦካያማ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ምክንያቱ የሞሪናጋ ኩባንያ በቶኩሺማ ፋብሪካው ያመረተው የዱቄት ወተት መሆኑንና በወተቱም ውስጥ አርሴኒክ መኖሩን አስታወቁ። ፋብሪካው ወተቱ እንዳይቋጥር ሶዲየም ፎስፌት ይጨምርበት ነበር። ያ የተጨመረው ነገር ግን ለምግብ ተብሎ የተሠራ ሳይሆን የአሉሚኒየም ማዕድን ሲጣራ ከሚተርፈው የተገኘ ነበር። ለመሐንዲስ እጅግ የሚያስደንቀው የሚከተለው ነው። የጃፓን የምድር ባቡር ድርጅት ያንኑ ነገር ለባቡር ቦይለር ማጽጃ ገዝቶት ነበር፤ ነገር ግን ከመጠቀሙ በፊት አስመርምሮ አርሴኒክ ስላገኘበት ለሻጩ መለሰው። ለቦይለር የተደረገው ምርመራ ለሕፃናት አልተደረገም ማለት ነው።

ከ12,000 የሚበልጡ ሕፃናት ተመረዙ፤ 130 ያህሉ ሞቱ። ወላጆቹ ወደ ሕግ ለመሄድ ቢነሡም፣ በዚያው ዓመት የተቋቋመ አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ለሞተ ሕፃን 250,000 የን፣ ለታመመ 10,000 የን እንዲከፈል ወሰነ፤ በተከታዩ ዓመት በተደረገውም ምርመራ ሕፃናቱ ድነዋል፣ የሚቀር ሕመም የለም ተባለ። የወላጆቹ ማኅበርም ተበተነ። በወንጀል ረገድ የቀረበው ክስ በ1963 በነጻ መልቀቅ ተደመደመ፤ የፋብሪካው ሰዎች በታማኝ ነጋዴ ዕቃ ላይ መርዝ አለ ብለው ሊጠረጥሩ አይገባቸውም የሚል ነበር የፍርዱ መንፈስ።

ጉዳዩን ከመቃብሩ ያስነሡት ጠበቆች ሳይሆኑ የጤና ነርሶችና መምህራን ናቸው። የኦሳካ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ማሩያማ ሂሮሺ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ሆነው፣ ያን ወተት የጠጡ ከ60 የሚበልጡ ልጆችን በየቤታቸው እየሄዱ አዩአቸው። ልጆቹ ያን ጊዜ የአሥራ አራት ዓመት ጎረምሶች ነበሩ። ጠባዩ ብዙ ዓይነት የሆነ የአካልና የአእምሮ ጉዳት እንደ ቀረባቸው ተገኘ፤ ይኸውም በ1969 በሕዝብ ጤና ጉባኤ ላይ ተነገረ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። በ1973 ወላጆች በኦሳካ የፍትሐ ብሔር ክስ መሠረቱ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ፣ እንደገና በታየው የወንጀል ክስ፣ የፋብሪካው የምርት ክፍል ኃላፊ የሦስት ዓመት እስራት ተፈረደበት። ኩባንያው፣ የጤና ሚኒስቴርና የተጎጂዎች ማኅበር በታኅሣሥ ተስማሙ፤ በ1974 በኩባንያው ገንዘብ የሚንቀሳቀስ፣ ተጎጂዎቹን ዕድሜ ልካቸውን የሚረዳ ድርጅት ተቋቋመ። ክሱም ተነሣ። በእኔ አስተያየት፣ ተጎጂዎች በሕግ ኃይል ካገኙት ውጤት ሁሉ የተሻለው ይህ ነው፤ የተገኘው ግን በፍርድ ሳይሆን ፍርድ ሊሰጥ ነው በሚል ሥጋት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ካነሚ ሶኮ በኪታክዩሹ ከተማ ከሩዝ ፉርሽካ የምግብ ዘይት የሚያወጣ ፋብሪካ ነበረው። ከፉርሽካ የሚወጣ ዘይት ሽታ ስላለው፣ አየሩ በተመጠጠ ጋን ውስጥ ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቅና እንፋሎት ይነፋበታል። ሙቀቱን የሚያመጣው በጋኑ ውስጥ በተጠማዘዘ፣ ከማይዝግ ብረት በተሠራ ቧንቧ የሚዘዋወር ፈሳሽ ነው። ካነሚ ለዚህ የተጠቀመው ፒሲቢ የሚባለውን የክሎሪን ውሁድ ሲሆን፣ የሠራውና የሸጠለት ካነጋፉቺ የተባለው የኬሚካል ኩባንያ ነው። ፈሳሹ አይቃጠልም፣ በቀላሉ አይበላሽም፤ በዚያ ዘመን በትራንስፎርመርም ውስጥ በዓለም ዙሪያ ይፈስስ ነበር።

የነደፋውን ጉድለት ለማየት ጠበብት መሆን አያሻም። በዘይቱ በኩል ያለው ጋን አየር የተመጠጠበት ሲሆን፣ በቧንቧው ውስጥ ያለው ፈሳሽ በፓምፕ የሚገፋ ነው። ስለዚህ በቧንቧው ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ክፍተት ብትገኝ የሚፈስሰው ዘይቱ ወደ ቧንቧው ሳይሆን መርዙ ወደ ዘይቱ ነው። በሁለቱ መካከል ከአንድ ስስ ብረት በቀር ሌላ መከላከያ አልነበረም። በዝግ ዑደት ውስጥ የሚዘዋወር ፈሳሽ ከጎደለ ደግሞ የሆነ ቦታ ሄዷል ማለት ነው፤ ጋኑን የሚጠብቀው ሰው ሊጠይቀው የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ ይኸው ነበር።

በፌብሩዋሪና ማርች 1968 በምዕራብ ጃፓን ዶሮዎች በብዛት አለቁ፤ የሞቱት ወደ 400,000 ይጠጋሉ። መኖአቸው ከካነሚ የተገኘ ጥቁር የዘይት ተረፈ ምርት ተቀላቅሎበት ነበር። የእርሻ ሚኒስቴር ሠራተኞች ወደ ፋብሪካው ሄዱ፤ የሄዱት ግን ስለ ዶሮ መኖ ነው። መኖውና የሰው ዘይት የሚወጡት ከአንድ ፋብሪካ ቢሆንም፣ ለጤና ሚኒስቴር የተላለፈ ማስጠንቀቂያ አልነበረም። ሰዎችም ዘይቱን እየተመገቡ ከረሙ። በጁን ወር አንዲት የሦስት ዓመት ልጅ ፊቷና ሰውነቷ ብጉር መሳይ ነገር ወርሶት በክዩሹ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ታየች፤ ከዚያ ቤተሰቧ ተከተለ። ጋዜጣ ነገሩን ለሕዝብ ያሰማው በኦክቶበር 10 ነው። ጃፓኖች በሽታውን ዩሾ፣ ማለትም የዘይት በሽታ፣ ብለው ጠሩት። የቆዳ ብጉር፣ የጥፍርና የድድ መጥቆር፣ የዐይን ፈሳሽ፣ የእጅና የእግር መደንዘዝ፣ ድካም ምልክቶቹ ነበሩ፤ ከታመሙ እናቶችም ቆዳቸው የጠቆረ ሕፃናት ተወለዱ። ታምመናል ብለው ያመለከቱት ከ14,000 የሚበልጡ ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ የፉኩኦካና የናጋሳኪ ሰዎች፣ በተለይም ዘይቱ በርካሽ የተሸጠላቸው የጎቶ ደሴቶች ዓሣ አጥማጆች ነበሩ። ከመጀመሪያ ጀምሮ በሽተኛ ነህ አይደለህም የሚለው በሐኪሞች ቡድን መለኪያ ይወሰን ነበርና የታወቀላቸው ከስድስት አንድ እንኳ አይሞሉም።

ተጎጂዎቹ ካነሚን፣ የካነሚን ፕሬዚዳንት፣ የኬሚካሉን ኩባንያ፣ የኪታክዩሹን ከተማና መንግሥትን ከሰሱ። ይህን ያህል ተከሳሽ የበዛው ያለ ምክንያት አይደለም። ካነሚ መጠነኛ ኩባንያ ስለ ሆነ ቢፈረድበት እንኳ ለሁሉም የሚበቃ ገንዘብ እንደማይኖረው ይታወቅ ነበር፤ ኋላም እንደዚያው ሆነ። ከፍሎ የሚችለው የኬሚካሉ ኩባንያና መንግሥት ነው። ስለሆነም የክርክሩ ሁሉ ክብደት በቧንቧው ቀዳዳ ላይ ወደቀ። የክዩሹ ዩኒቨርሲቲ መርማሪዎች በ1968 መጨረሻ ቧንቧውን ፈትሸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች አገኙ። ከሳሾች ይህን ይዘው፣ ፒሲቢ ከመጠን በላይ ሲሞቅ የሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ያወጣል፣ ጋዙም ብረቱን በላው፣ የኬሚካሉ ኩባንያ ይህን ባሕርዩንና መርዝነቱን እያወቀ ለምግብ ፋብሪካ ሲሸጥ በበቂ አላስጠነቀቀም ሲሉ ተከራከሩ። የፉኩኦካ ፍርድ ቤት በኦክቶበር 1977፣ የኮኩራው ችሎት በማርች 1978 ይህን ተቀብለው በሁለቱ ኩባንያዎች ላይ ፈረዱ፤ በዚያው ማርች ወር በወንጀል የተከሰሰው የካነሚ ፋብሪካ ኃላፊ አንድ ዓመት ከስድስት ወር እስራት ሲፈረድበት ፕሬዚዳንቱ በነጻ ተለቀቀ። በማርች 1984 ደግሞ የፉኩኦካ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ የእርሻ ሚኒስቴር ሠራተኞች ስለ ዶሮዎቹ ያወቁትን አለማስተላለፋቸው ጥፋት ነው ብሎ መንግሥትንም ኃላፊ አደረገ። በዚህ ፍርድና በተከታዩ መሠረት ወደ 830 ለሚጠጉ ከሳሾች 2.7 ቢሊዮን የን ያህል በጊዜያዊ አፈጻጸም ተከፈላቸው።

ከዚህ በኋላ የሆነው የመሐንዲስን ልብ የሚነካ ነው። የኬሚካሉ ኩባንያ ሌላ ታሪክ ይዞ ቀረበ፤ በጃንዋሪ 1968 የካነሚ ሠራተኞች በአንድ ጋን ላይ የቴርሞሜትሩን መክተቻ ለማስፋት ብየዳ ሲሠሩ በስሕተት ቧንቧውን ቀዱት፣ ብዙ ፒሲቢም በአንድ ጊዜ ዘይቱ ውስጥ ገባ፣ ካነሚም ይህን እያወቀ ዘይቱን እንደገና አሙቆ ሸጠው የሚል ነው። ቀዳዳው ከብረት መበላት የመጣ ከሆነ የፈሳሹ ባሕርይ፣ እንግዲያውም የሠሪው ማስጠንቀቅ አለማስጠንቀቅ ያገባዋል፤ ከብየዳ የመጣ ከሆነ ግን ጥፋቱ የካነሚ ብቻ ይሆናል። ለበሽተኛው ዘይቱ ያው ዘይት፣ ሕመሙም ያው ሕመም ነው። በሜይ 1986 ይኸው ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሌላ ችሎት የብየዳውን ታሪክ ተቀብሎ የኬሚካሉን ኩባንያና መንግሥትን ከኃላፊነት ነጻ አደረጋቸው። አንዱ የምሕንድስና ጥያቄ፣ ማለትም ብረቱ ተበላ ወይስ ተቀደደ የሚለው፣ የሺሕ ሰዎችን ካሣ ወሰነ።

ጉዳዩ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ሳለ ከሳሾቹ የመጨረሻ ሽንፈት ፈሩ። በ1987 ከኬሚካሉ ኩባንያ ጋር፣ ኃላፊነት እንደሌለበት ታውቆለት መጠነኛ ገንዘብ እንዲከፍል ታረቁ፤ በመንግሥት ላይ ያቀረቡትንም ክስ አነሡ። ክሱ ሲነሣ ግን ቀድሞ የተቀበሉት ገንዘብ ሕጋዊ መሠረት አጣ፤ መንግሥትም መልሱ አለ። ገንዘቡ ለሕክምናና ለኑሮ ከዋለ ቆይቷል። በሽታቸውን ለልጆቻቸው ሙሽሮች ሳይቀር ሰውረው የኖሩ ቤተሰቦች በእርጅናቸው የመንግሥት ባለዕዳ ሆኑ፤ ይህን ዕዳ በአብዛኛው የሚሰርዝ ልዩ ሕግ የወጣው በ2007 ነው። የደረሰባቸው ጉዳት ሳያንስ ሃያ ዓመት ያህል በዕዳ መያዛቸው፣ በቅን አስተሳሰብ ለሚመለከተው ሰው ሕጉን የሚያስመሰግን አይደለም።

ከጃፓን ውጭ ትምህርቱ ዘግይቶ መድረሱን ለማሳየት አንድ ነገር ብቻ ልጥቀስ። በ1979 በታይዋን በተመሳሳይ አኳኋን ፒሲቢ በገባበት የሩዝ ዘይት 2,000 ያህል ሰዎች ተመረዙ፤ ከእነርሱም መካከል በታይቹንግ የሚገኝ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ልጆች ነበሩ። ጃፓን ፒሲቢ እንዳይመረት ካደረገች ያን ጊዜ ሰባት ዓመት ያህል ሆኗት ነበር።

የቸልተኝነት ማስረጃ ይህን ያህል ከባድ መሆኑ ስለ ታየ፣ አገሮች ጥፋትን ሳይጠይቁ አምራቹን ኃላፊ ወደሚያደርግ ሕግ ተሸጋገሩ፤ የአውሮጳ ማኅበረሰብ በ1985 መመሪያ፣ ጃፓን ራስዋ በ1994 ወጥቶ በ1995 በጸና ሕግ። በዚህ ረገድ አገራችን ወደኋላ የቀረች አልነበረችም። ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁትና በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ በቁጥር 2085፣ ለትርፍ ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው ዕቃው በተለመደው መንገድ ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ድንጋጌው የተቀመጠው ጥፋት ሳይኖር ኃላፊነት በሚኖርበት ክፍል፣ ከእንስሳት፣ ከሕንፃና ከተሽከርካሪ ጎን ነው። አምራቹ የሚድነው ጉድለቱ በተለመደው ምርመራ ሊታወቅ ይችል ከነበረ ብቻ ነው። የካነሚ ዘይት ገዢ ጠርሙሱን በፀሐይ ቢያየው፣ ቢያሸተውና ቢቀምሰው ፒሲቢ አያገኝም። እንግዲህ በእኛ ሕግ ቢሆን ካነሚ ብረቱ ተበላ ወይም ተቀደደ የሚል ክርክር ሳያስፈልግ ይጠየቅ ነበር ማለት ነው። ጥያቄው የሚከብደው በኬሚካሉ ኩባንያ ላይ ነው፤ ፈሳሹን የሸጠው ለፋብሪካ እንጂ ለሕዝብ አይደለምና፣ በእርሱ ላይ ወደ ጥፋት ማስረዳት፣ ወደ ቁጥር 2028 መመለስ የግድ ሳይሆን አይቀርም።

ነገር ግን በዚያው ሕግ ቁጥር 2143፣ ተበዳዩ ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ክሱን ማቅረብ እንዳለበት ይናገራል፤ ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀል ሕጉ የበለጠ ጊዜ ከሰጠው ያ ይጸናል። ጡጦ የጠባ ሕፃን ጉዳቱ በአሥራ አራት ዓመቱ ቢገለጽ ሁለቱ ዓመታት የሚቆጠሩት ከየትኛው ቀን ነው? ከጠባበት፣ ከታመመበት ወይስ ሐኪም ከነገረው? የጃፓን ሕግ ከእኛ ይልቅ ለጋስ ነበር፤ ተበዳዩ ጉዳቱንና ጉዳት አድራሹን ካወቀ በኋላ ሦስት ዓመት፣ ከድርጊቱ በኋላ ደግሞ ሃያ ዓመት ይሰጥ ነበር። እርሱም አልበቃም። ዩሾን የሚያመጣው ዋናው መርዝ ፒሲቢው ራሱ ሳይሆን ሲሞቅ ከእርሱ የሚወጣው ዳይቤንዞፉራን መሆኑ ከታወቀ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ2004 የደም ምርመራው በመለኪያው ውስጥ ገባ፤ ቀድሞ አይደላችሁም የተባሉ ሰዎችም በሽተኞች መሆናቸው ተመሰከረላቸው። እነዚህ በ2008 ካነሚን ከሰሱ። የኮኩራው ችሎት በ2013 ሃያ ዓመቱ አልፏል ብሎ ክሱን ውድቅ አደረገ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2015 ይህንኑ አጸና። በሽተኛ ነህ የሚል ወረቀት የደረሳቸው የመክሰሻው ጊዜ ካለፈ በኋላ ነበር።

በ2012 የጃፓን ምክር ቤት በሽተኞቹን የሚረዳ ሕግ አወጣ፤ ጤንነታቸው እየተመረመረ በየዓመቱ መጠነኛ ገንዘብ ይሰጣቸዋል፤ በ1968 ከበሽተኛ ጋር በአንድ ቤት ከአንድ ድስት የበሉ የቤተሰብ አባሎችም እንደ በሽተኛ እንዲቈጠሩ ተደረገ። በዚህም እስከ ዛሬ የታወቁት፣ የሞቱትን ጨምሮ፣ ከ2,300 በላይ ሆነዋል። ከዚያ ወዲህ ከታመሙ እናቶች የተወለዱት ልጆች ግን ዘይቱን ስላልበሉ፣ በደማቸውም ያለው መርዝ ብዙ ጊዜ ከመለኪያው በታች ስለሚሆን፣ አብዛኞቹ አልታወቁም። ስለ እነርሱ በመንግሥት የሚደገፈው የሐኪሞች ቡድን ጥናት የጀመረው በ2021 ሲሆን፣ ያን ጊዜ ዘይቱ ከተሸጠ 53 ዓመት ሆኖት ነበር።